«እስኪ ንፋ!»፦ የትንፋሽ መለኪያ በደሴና በኮምቦልቻ መንገድ ምን ሊሠራ ይችላል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱ ግን ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ሐረጎ ላይ መኪናው አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ ተራራው እየታጠፈ ይወርዳል። ጉም ሲወርድ ደግሞ ከፊት ያለው ሲኖትራክ የሚታወቀው በኋላ መብራቱ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማታ በዚህ መንገድ ስወርድ ጋቢና ነበርኩ። ሹፌሩ ተጫዋች ነው፤ በየኩርባው ቀልድ አያጣም። ማስቲካ ያኝካል። ከማስቲካው ሥር ግን ሌላ ሽታ አለ። ከኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ ቀስ በል እንጂ» አሉት። «አብሽሩ እናቴ፣ ይሄን መንገድ እጄ ነው የሚያውቀው» አላቸው። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ኮምቦልቻም በሰላም ገባን። ሽታው ያልደረሰው ሰው አልነበረም። «ጠጥተሃል እንዴ?» ያለ ግን አንድም አልተገኘም።

ይህን ጥያቄ በእኛ ፋንታ የሚጠይቅ መሣሪያ አለ። የአዲስ አበባ ትራፊኮች ይዘውት መንገድ ላይ ከወጡ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኛም ጋ ከባድ አደጋ በተሰማ ቁጥር «ይሄ ነገር በየመንገዱ ቢኖር ኖሮ» የሚል ሰው አይጠፋም። ወዲያው ደግሞ «ምን ሊፈይድ? ሌላ የቅጣት ሰበብ ነው» የሚል ይመጣል። ክርክሩ ይሞቃል። መሣሪያው ግን ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ሲብራራ ብዙም አልሰማሁም።

## ትንፋሽ ስለ ደም ምን ያውቃል?

ጠላ የጠመቀች እናት የጋኑን አፍ ከፍታ ታሸታለች። ሳትቀምስ «ገና ነው» ወይም «ደርሷል» ትላለች። ከጋኑ አፍ የሚወጣው ሽታ የውስጡን ይነግራታል። የትንፋሽ መለኪያም ሥራው ይኸው ነው። እዚህ ላይ ጋኑ ሹፌሩ ነው።

አልኮል እንደ እንጀራ እስኪፈጭ አይጠብቅም። ጥቂቱ ከጨጓራ፣ ብዙው ከትንሹ አንጀት እንዳለ ወደ ደም ይገባል። ደሙ ሳንባ ሲደርስ ከአየሩ የሚለየው እጅግ ስስ ግድግዳ ነው። አልኮል ደግሞ ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ከደሙ ወደ አየሩ ያመልጣል። በደም ውስጥ በበዛ ቁጥር በትንፋሽም ውስጥ ይበዛል። ማስቲካ የማያድነው ለዚህ ነው። ማስቲካው አፍ ውስጥ ነው ያለው፤ አልኮሉ የሚመጣው ከሳንባ ነው። ፖሊሱ «ንፋ፣ ንፋ፣ አታቋርጥ» የሚለውም የአፍ ሳይሆን የሳንባ አየር እስኪወጣለት ነው።

በደምና በትንፋሽ መካከል አንድ የታወቀ ስሌት አለ። በ2,100 ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ያለው አልኮል በ1 ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ተብሎ ይወሰዳል። አማካይ ቁጥር ነው። ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያል፤ አገሮችም ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው የሚጠቀሙ አሉ።

መሣሪያው ውስጥስ ምን አለ? በዛሬዎቹ የፖሊስ መለኪያዎች ውስጥ ፕላቲኒየም የተቀባ ትንሽ ክፍል አለ። አልኮሉ እዚያ ሲደርስ ወደ አሲድ ይለወጣል፤ ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያደርገው አሲድ ነው። ጠላ ሰንብቶ ሲኮመጥጥም አልኮሉ የሚሄደው ወደዚሁ ነው። በጋን ቀናት የሚፈጀውን ለውጥ መሣሪያው በሰከንዶች ይጨርሰዋል። ለውጡ ሲካሄድ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወጣል። ብዙ አልኮል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር የዚህ ኤሌክትሪክ ልክ ነው። የድሮዎቹ በቀለም ነበር የሚሠሩት፤ ብርቱካንማው ፈሳሽ አልኮል ሲያገኘው ወደ አረንጓዴ ይለወጥ ነበር።

## 0.8 የሚባለው ምንድን ነው?

አልኮል የሚቆጠረው «በ1 ሊትር ደም ስንት ግራም» እየተባለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ሪፖርቱ የኢትዮጵያን ገደብ 0.8 ግራም ብሎ መዝግቦታል። ድርጅቱ ራሱ የሚመክረው ከዚህ ያነሰ ነው፦ ለሁሉም 0.5፣ ለወጣትና ለጀማሪ ሹፌር 0.2። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። 0.8 የደም ቁጥር ነው። በትንፋሽ ሲመነዘር በ1 ሊትር አየር 0.38 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። ስለዚህ መለኪያው በትንፋሽ የሚያነብ ከሆነ፣ ስክሪኑ ላይ 0.4 አይቶ «ገና ግማሽ ላይ ነኝ» የሚል ሹፌር ተሸውዷል። ገደቡን አልፏል።

ሌላው ስህተት ገደቡን እንደ ፈቃድ ማየት ነው። ሮበርት ቦርከንስታይን የሚባል ሰው ነበር፤ በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት ፖሊስ ውስጥ ሠርቷል። በ1954 ታዋቂውን የትንፋሽ መለኪያ የፈጠረው እሱ ነው። ከዚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሚሺጋን፣ ግራንድ ራፒድስ በተባለች ከተማ ትልቅ ጥናት መራ። አደጋ የደረሰባቸውን ሹፌሮች ትንፋሽ በሰላም እየነዱ ከነበሩት ጋር አወዳደረ። ደም ውስጥ 0.6 ግራም ሲደርስ አደጋ የማድረስ ዕድል ወደ ሁለት እጥፍ ይሆናል። በ1 ግራም ስድስት ሰባት እጥፍ፣ በ1.5 ግራም 25 እጥፍ ገደማ። ቁልቁለቱ ከ0.8 በፊት ነው የሚጀምረው፤ እንደ ሐረጎ ደግሞ እየወረዳችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ይብሳል።

ለምን? ብዙዎቻችን ስካር ስንል መንገዳገድን ነው የምናስበው። መንዳት ላይ ግን ከመንገዳገድ በፊት የሚበላሹ ነገሮች አሉ። ፍጥነትን መገመት፣ ዓይንን ከአንዱ ወደ ሌላው ቶሎ ማዞር፣ እግርን ወደ ፍሬን ማድረስ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሰከንድ ብቻ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። እግሩ በግማሽ ሰከንድ የዘገየ ሹፌር እነዚያን 8 ሜትሮች ፍሬን ሳይነካ ያልፋቸዋል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት የሚበላሽ ደግሞ አንድ ነገር አለ፦ ራስን መመዘን። «እጄ ነው የሚያውቀው» የሚለው ሹፌር አይዋሽም። የምር እንደዚያ ይሰማዋል።

## ታዲያ ስንት ጠርሙስ ይፈቀዳል?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ቀጥተኛ መልስ የለውም፤ ስሌቱን ግን አብረን እንሥራው።

አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ብንል፣ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 60 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ውስጥ ይህ በአንድ ሊትር ደም 0.3 ግራም ገደማ ይጨምራል። ቶሎ ቶሎ ከተጠጣ ሦስተኛው ጠርሙስ ላይ 0.9 ደረሰ ማለት ነው። ሴት ከሆነች፣ ክብደቷ ተመሳሳይ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ አልኮል የሚሰራጨው በሰውነት ውሃ ውስጥ ነው፣ የሴት ሰውነት ደግሞ በአማካይ ያለው ውሃ ያነሰ ነው። በባዶ ሆድ ከሆነ ቁጥሩ ቶሎ ከፍ ይላል። ጾም ውሎ ማታ ድራፍት ቤት የሚገባ ሰው ይሄን ያውቀዋል።

ለቢራ ይህን ያህል መቁጠር ይቻላል። ለጠላስ? አንዱ ቤት ውሃ የሚመስል፣ ሌላው ቤት ጉልበት የሚያብረከርክ ነው። ጠጅም እንደ ማሩና እንደ ጌሾው፣ እንደ ቆየበትም ቀን ነው። ብርሌ ላይ «ይህን ያህል በመቶ» ብሎ የለጠፈ አላየሁም። አረቄን ተዉት፤ በመለኪያ ይጠጣል እንጂ አንዷ መለኪያ ከሌላዋ አትገጥምም። ስለዚህ «ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚለው ሰው እውነቱን ቢሆንም ቃሉ ምንም አይነግረንም። የትንፋሽ መለኪያው የገባውን ብርጭቆ አይቆጥርም፤ በሰውነቱ ውስጥ ያለውን ነው የሚያየው።

## ቡና፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ውሃስ?

አይሠሩም። ቡና ያነቃል። የነቃ ሰካራም ይሆናል ማለት ነው።

አልኮልን ከደም የሚያወጣው በዋናነት ጉበት ነው። ጉበትን አንድ መስኮት ብቻ ያላት የመናኸሪያ ትኬት ቆራጭ አድርጋችሁ ውሰዱት። ከፊቷ አሥር ሰው ይሰለፍ መቶ፣ እሷ በዚያው በራሷ ፍጥነት ትቆርጣለች። ብትጮሁባት፣ ቡና ብታመጡላት፣ ውሃ ብትረጩባት አትፈጥንም። የጉበት ፍጥነት በአማካይ በሰዓት 0.15 ግራም ገደማ ነው። አንድ ቢራ ለመሸኘት ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

አሁን ይህን ስሌት ወደ አንድ የረጅም መንገድ ሹፌር እንውሰደው። ከማታው 2 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ሰባት ቢራ ጠጣ እንበል። 60 ኪሎ ነው። ሰባቱ ቢራ 2.2 ግራም አመጡ። በአራቱ ሰዓት ውስጥ ጉበቱ 0.6 ሸኘ። ሲተኛ 1.6 ላይ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ፊቱን ታጥቦ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን አውቶቡስ ሊያስነሣ ሲመጣ 0.9 ገደማ ላይ ነው። ተኝቷል። አይንገዳገድም። «ትናንት ነው እኮ የጠጣሁት» ይላል፤ ልክ ነው። ሕጉ ግን የሚጠይቀው መቼ እንደጠጣ አይደለም።

እኔ በበኩሌ ከማታው ሰካራም ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያሳስበኝ። የማታውን እሱም ያውቀዋል፣ እኛም እናሸተዋለን።

## መሣሪያው አይሳሳትም?

ይሳሳታል፤ ግን የሚሳሳትባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ዋናው አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል ነው። አሁን ብርጭቆ ያስቀመጠ፣ ያስታወከ፣ ወይም አልኮል ባለበት የአፍ ማጠቢያ የተጉመጠመጠ ሰው ከደሙ በላይ ሊያነብ ይችላል። መፍትሔው 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና ማስነፋት ነው። የአፉ አልኮል በዚያ ጊዜ ይጠፋል፤ የደሙ ግን አይጠፋም። ሁለተኛው ቁጥር በጣም ከወረደ የመጀመሪያው የአፍ ነበር።

ሌላው እንደ ገበያ ሚዛን ነው። ሚዛን በየጊዜው ካልተፈተሸ ይዛባል። ይሄም በታወቀ አልኮል እየተፈተሸ መስተካከል አለበት። የማስተካከያ መዝገብ የሌለው መለኪያ ፍርድ ቤት ላይ ደካማ ማስረጃ ነው። መንፊያውም ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መሆን አለበት፤ ይሄን መጠየቅ የሹፌሩ መብት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ኩራትም አይደለም።

## እሺ፣ መንገድ ላይ ማስነፋት በእርግጥ አደጋ ይቀንሳል?

ይቀንሳል። ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም።

ብዙዎቻችን መለኪያው የሚሠራው ሰካራሙን ይዞ ከመንገድ በማውጣት ይመስለናል። በዚህ መንገድ የሚያዙት ጥቂት ናቸው። ትልቁ ሥራው የሚሠራው መንገድ ዳር ሳይሆን መጠጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሹፌሩ ሦስተኛውን ሳያዝ «ኧረ ዛሬ ቁሙ ይሉኝ ይሆናል» ካለ፣ መለኪያው ሳይነፋ ሠራ። እንዲያ ካላለ፣ ፖሊሱ መቶ መለኪያ ቢይዝም ዘግይቷል።

የሁለት አገር ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ብሪታንያ በጥቅምት 1967 የ0.8 ገደብንና የትንፋሽ ምርመራን አንድ ላይ ጀመረች። ወሬው አገሩን ሞላው። ሰው ፈራ። በተለይ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት የሚደርሰው ጉዳት በአንድ ጊዜ ዘጭ አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ውጤቱ እየሟሸሸ ሄደ። ለምን ቢባል ሰው ቀስ በቀስ ገባው፤ የሚያስቆመው ፖሊስ በጣም ጥቂት ነው። ሕጉ አልተለወጠም፣ ቅጣቱም አልቀነሰም። የተለወጠው የመያዝ ግምቱ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ያለችው ኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ በታኅሣሥ 1982 ጀመረች። እዚያ የተጠረጠረ ብቻ አልነበረም የሚነፋው። ፖሊስ መንገድ ዳር ቆሞ የመጣውን ሁሉ ያስነፋል። በአንደኛው ዓመት የተነፋው ብዛት ከሦስት ሹፌር አንዱን የሚያዳርስ ነበር። በ1982 በግዛቷ መንገዶች 1,253 ሰው ሞቶ ነበር። በ1983 ቁጥሩ 966 ሆነ። ዘመቻው ያኔ አላበቃም፤ በየዓመቱ ማስነፋቱን ቀጠሉ፣ ማስታወቂያውንም አላቋረጡም። ወሳኙ እሱ ነው። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎችም እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ምርመራ ከአልኮል ጋር የተያያዘ አደጋን በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ብለዋል።

20 በመቶ ተአምር አይደለም። አምስት ለቅሶ ከሚቀመጥበት አንዱን ማስቀረት ነው።

ከዚህ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅም አንድ ነገር ይወጣል። ትልቅ ቅጣት አልፎ አልፎ ከመጣል፣ መጠነኛ ቅጣት ሆኖ የማይቀር ቢሆን ሰው ይበልጥ ይፈራዋል። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው እንደማይደርሰው ያውቃል፤ አንዱ ሚሊዮን ስለሆነ ብቻ ይቆርጣል። የሚጠጣ ሹፌር ስሌቱ የዚህ ግልባጭ ነው። አንዴ ቢያዝ ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ግን አይደርሰኝም ብሎ ይነዳል።

## ወሎ ላይ ቢሠራስ?

የወሎ መንገድ ለዚህ ነገር አንድ ጥሩ ጎን አለው። አማራጭ መንገድ የለም። አዲስ አበባ ላይ በአንዱ አደባባይ ፖሊስ ቆመ ሲባል በውስጥ ለውስጥ ማምለጥ ይቻላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ለመውረድ ግን ሐረጎን ካልወረድክ በምን ልትወርድ ነው? ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ ለሚወርደው ከባድ መኪናም፣ ከሐይቅ ወደ ወልዲያ ለሚሄደውም እንደዚሁ ነው።

መጥፎ ጎኑም ይኸው መንገድ ነው። ከላይ የሚመጣው መኪና መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ያደርጋል። «ትራፊክ አለ» ማለት ነው። ቀጥሎ ስልክ ይደወላል፣ ቴሌግራም ላይም ይጻፋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ኮምቦልቻ ያለው ሁሉ ሰምቷል። ብዙ ሰው ይሄ ምርመራውን ከንቱ ያደርገዋል ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ፖሊሱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት የሚቆም ከሆነ አዎ፣ ከንቱ ነው። ቦታውን የሚቀያይር ከሆነ ግን ያ ብልጭታ ራሱ ማስታወቂያ ነው፤ ነጻ ማስታወቂያ። ሹፌሩ ዛሬ እዚህ፣ ነገ የት እንደሆኑ ካላወቀ፣ የሚቀረው አለመጠጣት ወይም ቁልፉን ለሌላ መስጠት ነው።

ጊዜውም አለ። ጥር የሰርግ ወር ነው። ጥምቀትም በዚያው። ገና ሲደርስ ደግሞ ወደ ላሊበላ የሚሄደው መኪና ብዛት ይታወቃል። ምርመራ ቢታሰብ ከነዚህ ሳምንታት ቢጀምር አይከፋም። አንድ መዘንጋት የሌለበት ነገር፦ ጸጥታው አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ፖሊስን ጨለማ መንገድ ላይ ማቆምም፣ ሹፌርን በሌሊት «ቁም» ማለትም ቀላል አይደለም።

## ጠጥቶ የማያውቀው ሰው ለምን ይነፋል?

ይህ ጥያቄ ወሎ ላይ ከሌላው ቦታ በላይ ይነሣል። በአንዱ ሰርግ ለአንዱ ጠላ፣ ለሌላው ቀሪቦ የሚቀርብበት አገር ነው። ዕድሜ ልኩን ያልቀመሰ ሹፌር «እኔን ንፋ ማለት ስድብ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ግን ሌላውን መንገድ አስቡት። ፖሊሱ ማን ይንፋ ማን ይለፍ ብሎ በመልክ፣ በስም ወይም በአለባበስ ቢመርጥ? ስድቡ ያኔ ነው። «አንተ ጠጪ ትመስላለህ» ተብሎ ከመመረጥ፣ ሁሉም በተራው ነፍቶ ቢያልፍ ይሻላል። በኒው ሳውዝ ዌልስም የሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁሉም ሲነፋ መንፋት ጥርጣሬ መሆኑ ይቀራል። እንደ ፍተሻ ኬላ ይሆናል፤ ቦርሳህን ስትከፍት ሌባ ነህ የተባልክ አይመስልህም። አንድ ሰው ነፍቶ ለማለፍ ደግሞ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

## ጫትስ?

እውነቱን እንነጋገር። ብዙ የረጅም መንገድ ሹፌር ጉንጩ ሥር ያለው ጫት ነው። የትንፋሽ መለኪያ ጫትን ጭራሽ አያይም። አልኮልን ብቻ ነው የሚያውቀው። ድካምን አያይም፣ የተበላ ጎማን አያይም፣ የላላ ፍሬንንም አያይም። ከልክ በላይ የጫነ አይሱዙ ሹፌሩ ጠብታ ባይቀምስም ሐረጎ ላይ ፍሬኑ ሊግል ይችላል። ስለዚህ «መለኪያው ይምጣና አደጋ ይቆማል» የሚል ሰው ካለ አጋኗል።

ጫትና መጠጥ የሚገናኙበት ቦታ ግን አለ። «ጨብሲ» ይሉታል። ቀኑን ሲቅም የዋለ ሰው ማታ መርቃናውን ለማብረድ መጠጥ ይጨምራል። አደገኛው ነገር ጫቱ ያነቃዋል፣ መጠጡ ያዘገየዋል። ንቃቱ ስለሚሰማው ያልሰከረ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይጨምራል። ሰው አይቶት «ደህና ነው» ሊል ይችላል፤ ዓይኑ ፈጥጧል፣ ወሬው ፈጣን ነው። እዚህ ላይ መለኪያው ከሰው ዓይን ይበልጣል። መርቃናው አያታልለውም።

## «ሰካራም ሹፌር ያደረሰው አደጋ እኮ ጥቂት ነው» ይባላል

በአደጋ ዜናዎች ላይ እንደ ምክንያት የሚጠቀሱት አብዛኛውን ጊዜ ከፍጥነት በላይ መንዳትና ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት ናቸው። አልኮል ሲጠራ እምብዛም አይሰማም። ነገር ግን ያልተለካ ነገር አይመዘገብም። ከልክ በላይ የፈጠነው ሹፌር ለምን ፈጠነ? ለእግረኛው ቅድሚያ ያልሰጠው ለምን ሳያየው ቀረ? ትንፋሹን የለካ ከሌለ መልሱ ፍጥነት ተብሎ ይቀራል። መለኪያ ከአደጋ በኋላም መነፋት ያለበት ለዚህ ነው፤ ለመቅጣት ብቻ ሳይሆን ለማወቅም።

## የገንዘብ መሰብሰቢያ ቢሆንስ?

ይህ ስጋት ከባዶ የመጣ አይደለም። ቁጥሩን የሚያየው ፖሊሱ ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩ ለድርድር ይቀርባል። ሌሊት፣ መንገድ ዳር፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ስክሪን። የቀረውን ታውቁታላችሁ። መፍትሔው ቴክኒካዊ ነው። ጥሩዎቹ መለኪያዎች እያንዳንዱን ውጤት ከነሰዓቱ ያስቀምጣሉ፤ ወረቀትም የሚያትሙ አሉ። ሹፌሩ ቁጥሩን አይቶ ወረቀቱን ከያዘ፣ ማሽኑ ያስቀመጠውንም አለቃ ከቅጣት ደረሰኙ ጋር ካመሳከረ፣ ድርድሩ ይጠባል።

የሕጉም ጉዳይ አለ። ኬንያ በ2013 መጨረሻ «አልኮብሎው» የተባለውን ምርመራ በሰፊው ጀመረች። ብዙ ሰው ተያዘ፣ ብዙ ሰው ተከሰሰ። በ2017 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት ምርመራው የተመሠረተባቸውን ደንቦች ከዋናው የትራፊክ ሕግ ጋር ይጋጫሉ ብሎ ውድቅ አደረጋቸው። መሣሪያው አልተበላሸም ነበር። የተበላሸው ወረቀቱ ነው። እኛም ጋ የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ አለ። በየከተማው መለኪያ ከመታደሉ በፊት ማን ያስነፋል፣ እምቢ ያለ ምን ይሆናል፣ ሁለተኛ ምርመራ የት ይደረጋል የሚሉት በወረቀት ላይ የጠሩ መሆን አለባቸው።

## ከየት ቢጀመር?

እኔ ብጠየቅ ከሐረጎ አልጀምርም ነበር። ከመናኸሪያ በር ነው የምጀምረው፣ ንጋት ላይ።

ለዚያ ጨለማ መንገድ ላይ መቆም አያስፈልግም። አውቶቡሱ ቆሟል፣ ሹፌሩ ይታወቃል፣ መውጫው አንድ በር ነው። ቴሌግራምም አያስመልጥም። ችግሩ ሌላ ነው። ትኬቱ ተቆርጧል፤ ዕቃው ጣሪያ ላይ ታስሯል፤ ተሳፋሪው ብርድ ላይ ነው። ሹፌሩ ነፍቶ ቁጥሩ ገደቡን ካለፈ መጀመሪያ የሚጮኸው ተሳፋሪው ነው፤ «ኧረ ደህና ነው ልቀቁት፣ ይምሽብን ነው እንዴ?» ይላል። ስለዚህ ተጠባባቂ ሹፌር ካልተዘጋጀ ይህ ነገር ከሁለት ሳምንት አያልፍም።

ያን ሰባት ቢራ የጠጣውን ሰውዬ አስታወሳችሁት? ንጋት 11 ሰዓት ላይ 0.9 ገደማ ነበር። በሰዓት 0.15 እየሸኘ ሲሄድ ዜሮ የሚደርሰው ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ማንም ሳያስነፋው ከወጣ፣ በዚያ ሰዓት አውቶቡሱ ሐረጎን ወርዶ፣ ከሚሴንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ ጨርሷል።